የካራማራ ደመና፦ በጅግጅጋና በአካባቢዋ ስለ ተራራ ዶፍና ስለ ደራሽ ውሃ ታሪክ

ካራማራ ሲባል የኢትዮጵያ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የተገኘውን ድል ነው፤ የጦርነትን ታሪክ የሚያነብ ደግሞ በዚሁ ተራራ ላይ፣ የማርዳ በር በተባለው ማለፊያ፣ የኢጣልያ ጦር መሽጎ እንደ ነበር፣ መጋቢት 8 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅግጅጋን የያዘው የእንግሊዝ ሠራዊትም ከናይጄርያ የመጡትን ወታደሮች አሰልፎ በአራተኛው ቀን ምሽጉን ወግቶ መጋቢት 17 ቀን ሐረር እንደ ገባ ያስታውሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሊዘነጋም አይገባውም። ነገር ግን ተራራው ከመድፍና ከታንክ አስቀድሞ የነበረ፣ ከእነርሱም በኋላ ያልተቋረጠ ሌላ ታሪክ አለው፤ እርሱም ከሰማይ የተቀበለውን ዶፍ ብዙ ሳያቆይ ወደ ሜዳው የሚለቅበት፣ በሥሩ የሰፈረውም ሕዝብ ይህን እያወቀ ሲጠነቀቅ፣ ሲዘነጋም ሲጎዳ የኖረበት ታሪክ ነው። ለዚህኛው ታሪክ ሐውልት አልቆመለትም፤ በዓልም አይከበርለትም፤ የሚገኘውም በመንገደኞች ማስታወሻ፣ በከተሞች አመሠራረትና በአርብቶ አደሩ ልማድ ውስጥ ተበታትኖ ነው።

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል የካራማራ ሰንሰለት ይጋርዳታል፤ ከዚያ ወዲያ፣ በጉርሱም ምድር፣ የቁንዱዶ ተራራ ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል፤ በምሥራቅ ግን ምድሩ ተዘርግቶ ወደ ቶጎ ውጫሌና ሃውድ ወደሚባለው ውሃ አልባ ሜዳ ይሄዳል። የፋፈን ወንዝ ከሐረር በስተ ምሥራቅ ካለው ደጋ፣ የጀረር ወንዝም በጅግጅጋ አካባቢ ካሉት ኮረብቶች ተነሥተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳሉ፤ በስም ወንዞች ይባሉ እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ናቸው። በሰሜን ደግሞ፣ ዛሬ ሲቲ ዞን በሚባለው በሺኒሌና በኤረር፣ የሐረርጌ ደጋ በድንገት ተቆርጦ ወደ በረሃው ይወርዳልና፣ ከገደሉ አፍ የሚወጡት መውረጃዎች፣ የአገሩ ሰው ቶግ የሚላቸው፣ በአንድ ሌሊት ሞልተው በማግሥቱ ተመልሰው አሸዋ ይሆናሉ። በቶግ ውስጥ የሚገኘው ሰው ብዙ ጊዜ ዝናቡን አያየውም፤ በራሱ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሳለች፣ ሞቱ ግን ከሩቅ ደጋ ላይ ተነሥቶ መንገድ ጀምሯል።

የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ነገር በራሳቸው ቋንቋ ያውቁት ነበር። መጽሐፈ ኢዮብ የበረዶን መዛግብት ይጠቅሳል፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሄኖክም ለበረዱ፣ ለአስሐትያው፣ ለጉሙና ለዝናቡ ለእያንዳንዱ መንፈስ እንዳለው፣ ዝናሙም ከመዝገቡ ሲወጣ መላእክት እንደሚከፍቱለት ይናገራል። የተፈጥሮ ሊቅ ይህን በሌላ አነጋገር ይገልጸው ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን በመሠረቱ አልተሳሳተም፤ ተራራ መዝገብ ነውና። አደጋው የሚከማችበት ስፍራና የሚወድቅበት ስፍራ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ከተራራ ሥር የመኖርን ጥበብ ግማሹን ይዟል።

በእኛ አገር መዝገቡ ውሃን ብቻ ሳይሆን በረዶንም የያዘበት ዘመንና ስፍራ አለ። በስድስተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ መነኩሴ በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተገኘ የአክሱም ንጉሥ የሰሜንን ሕዝብ ሲወጋ ሠራዊቱ ዐውሎና ብርድ በማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት በረዶ ውስጥ እንደ ተራመደ ይተርካል። ከ4,500 ሜትር በላይ በሚደርሱት በእነዚያ በሰሜን ተራሮች ዛሬም አልፎ አልፎ በረዶ ይጥላል፤ ነገር ግን ፀሐዩ ቶሎ ያቀልጠዋልና ከወር እስከ ወር ተከማችቶ መንደር የሚያጠፋ የበረዶ ናዳ አይሆንም። ይህ ዓይነቱ መቅሠፍት የሚታየው እንደ አልፕስ ባሉት የብርድ አገር ተራሮች ነው። በዚያ፣ በክረምት ማዕበል ጊዜ፣ በረዶው በመሶብ እንጀራ እንደሚደራረብ በሽፋን ላይ ሽፋን ይከማቻል፤ ከሽፋኖቹ አንዱ ልል ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ የላይኛው ሸክም አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ይናዳል። በየካቲት 1991 ዓ.ም. በኦስትሪያ ጋልቱር የተባለውን መንደር የመታው ናዳ 31 ሰዎችን የገደለው ከሳምንታት ማዕበል በኋላ ነበር፤ ከፈረሱት ቤቶችም ከአደጋ ውጭ ነው ተብሎ በተከለለ ስፍራ የቆሙ ነበሩባቸው። ስለ ተራራ አደጋ ብዙ በተማረ ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ከሆነ፣ ካርታ ሁልጊዜ ከተራራው በኋላ የሚሄድ መሆኑን መረዳት ይቻላል።

በአልፕስና በካራማራ መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ነው። የበረዶው መዝገብ ለሳምንታት ሸክሙን ይዞ ይቆያል፤ የእኛ ቆላ ተራራ ግን የአፈሩ ሽፋን ስስ፣ ድንጋዩ ገላጣ ስለ ሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የተቀበለውን ከመምሸቱ በፊት ይመልሳል። ከረጅም ድርቅ በኋላ ደግሞ መሬቱ ተቃጥሎና ደርቆ፣ ሣሩም አልቆ ስለሚቆይ፣ የመጀመሪያው ዶፍ ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ በላዩ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ ነው ሕዝቡ ዝናብ ሲለምን በቆየበት ዓመት ዝናቡ ራሱ መከራ ሆኖ የሚመጣው።

ይህን ሁሉ ከማንም መምህር ሳይሆን ከአባቶቹ የተማረው የሶማሌ አርብቶ አደር ዓመቱን የሚከፍለው በዝናብ ነው። በጅግጅጋና በሰሜኑ ወረዳዎች ከሚያዝያ ገደማ ጉ የሚባለው ዝናብ ይዘንባል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ካራን ይከተላል፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ ጂላል የሚባለው ደረቅና ብርዳም ወራት ይገባል። የደጋው ካህን በባሕረ ሐሳብ ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲቆጥር፣ የሶማሌ ዘመን ቆጣሪ ሽማግሌም ከዋክብትን ተመልክቶ፣ በሐምሌ መጨረሻ ገደማ እሳት ተለኩሶ ከሚከበረው ከዳብሺድ ጀምሮ ቀኑን እየቆጠረ፣ የመጪውን ዓመት ዝናብ ይተነብይ ነበር። ሁለቱ በሃይማኖትም በቋንቋም የተለያዩ ሲሆኑ፣ ሰማይን መጠበቅ የሕይወት ሥራ መሆኑን በማወቅ ግን አንድ ናቸው።

በደጋው ተረት እንግዳ ደራሽ ውሃ ፈሳሽ ተብሎ ሁለቱም ሳይታሰቡ እንደሚመጡ ቢነገርም፣ የቆላው እረኛ ግን ውሃ ምልክቱን ሳይሰጥ አይመጣም ባይ ነው። አስቀድሞ በሩቁ ደጋ ላይ ደመናው ጠቁሮ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ቀጥሎ በቶጉ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፤ የረጠበ አፈር ሽታም በነፋሱ ውስጥ አለ፤ ግመሎች ጆሮአቸውን አቅንተው ወደ ዳር መውጣት ይጀምራሉ። ከዚያ ድምፁ ይሰማል፤ መጀመሪያ ላይ ከሩቅ መኪና ጩኸት የማይለይ ሲሆን፣ ቆይቶ ግን የድንጋይ መጋጨት ይጨመርበታል። የውሃው ራስ ሲመጣ የሚታየው ውሃ አይደለም፤ የደረቀ እሾህ፣ የፍየል በጠጥ፣ የተነቀለ ግራርና ቡናማ አረፋ ተደባልቆ፣ ከጉልበት እስከ ወገብ ቁመት ባለው ግንባር እየተንከባለለ ይገፋል፤ ውሃው ከዚህ በስተኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ አሸዋው ላይ የቆመ ሰው ወደ ፊት ሮጦ አያመልጥም፤ የሚድነው ወደ ጎን የወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ አቃሉን፣ በግመል ጀርባ የሚጫነውን ጎጆ፣ በሚተክሉበት ጊዜ አሸዋው ለመኝታ የተመቸ፣ ጥላውም የበዛ ቢሆንም፣ ከቶጉ ዳር ከፍ ባለው ጠጠር ላይ ማድረግን ይመርጣሉ። ይህ በሕግ ያልተጻፈ፣ ሆኖም ከብዙ ሕግ የጠነከረ ሥርዓት ነው።

የሲራራ ነጋዴዎችም ጉዞአቸውን በዚሁ ሥርዓት ያደርጉ ነበር። የበርበራ ገበያ በያመቱ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይቆም ስለ ነበር፣ ከሐረርና ከኦጋዴን የሚወርደው ቅፍለት የሚነሣው ካራን ካበቃ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የቶጉ ፍርሃት ይቀንሳል፤ በምትኩ ግን የውሃ ጥም ፍርሃት ይጨምራል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሲሄድ ማራር ብሎ የጠራውን የጅግጅጋን ሜዳ የተሻገረው በዚሁ በብርዱና በደረቁ ወራት ነበር። ከእርሱም በፊት ባርከር የተባለው ሌላ እንግሊዛዊ በ1842 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጅግጅጋን ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የቅፍለት ማረፊያዎች አንዷ አድርጎ ጠቅሷታል። ማረፊያ ያደረጋትም ሌላ ሳይሆን የውሃ ጉድጓዷ ነው፤ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ከሚያስፈራው ጎኑ ሌላ በጎ ጎን አለውና፣ በሜዳው አሸዋ ውስጥ ሰርጎ፣ ጥቂት ክንድ በመቆፈር የሚገኝ ሀብት ይሆናል።

አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከሆነ በኋላ፣ በ1885 ዓ.ም. ሻምበል ስዌይን የተባለው እንግሊዛዊ ባለፈበት ጊዜ፣ ጅግጅጋ በጉድጓዶች አጠገብ የቆመች፣ በእንጨት አጥር የታጠረች፣ ጥቂት ወታደሮች የሚጠብቋት ምሽግ ነበረች። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. የሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ደርቡሾች የወጉት የኢትዮጵያ ጦርም በዚሁ በጅግጅጋ የሰፈረው ነበር። ምሽጊቱን ወደ ከተማነት የለወጣት ግን በሩሲያ ተምረው የተመለሱት፣ በኋላም ለመጀመሪያው ሕገ መንግሥት መዘጋጀት የደከሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መሆናቸው ይታወቃል፤ በዚያ አገር ገዥ ሳሉ መንገዱ በቀጥታ መስመር ተቀይሶ፣ ጎዳና ጎዳናን በማዕዘን እንዲያቋርጥ ተደረገ። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ እንዲህ ተለክተው የተቀየሱ ከተሞች ጥቂት ነበሩና፣ ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ቀጥተኛ መስመር የሰው ሐሳብ ሲሆን፣ ውሃ ግን የራሱን መስመር አይተውም፤ ከተማ በሰፋ ቁጥር የሁለቱ መስመሮች መገናኘት አይቀሬ ነው።

ከሰሜኑ በኩል ይህ መገናኘት በባቡር ሐዲድ ምክንያት ፈጥኖ ሆነ። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሳዊው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በኢሳ ሶማሌዎች ምድር፣ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሺኒሌ በኩል አልፎ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐረር ለመውጣት የገደሉ ዳገት ለባቡር የሚቻል አልሆነምና፣ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በቆላው አቆሙት፤ በዚያም አዲስ ሐረር ተብላ የነበረችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። እንዲህም ሆኖ ነጋዴውና ሠራተኛው፣ መጋዘኑና ጣቢያው፣ ተራራውን መውጣት ባለመቻሉ ከተራራው ሥር፣ ደቻቱ በሚባለው የአሸዋ ወንዝ ግራና ቀኝ ሰፈረ። አርብቶ አደሩ አቃሉን የማይተክልበትን ስፍራ ከተሜው ለገበያ፣ ከዚያም ለመኖሪያ መረጠው፤ ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለ ሆነ ወንዝ መሆኑ ተረሳ።

የዚህ መርሳት ዋጋ በሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ተከፈለ። በዚያች ሌሊት ዶፉ የወረደው በደንገጎና በአካባቢው ባለው ደጋ ላይ ሲሆን፣ ከተማይቱ ተኝታ ሳለች ውሃው በደቻቱ ወርዶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም ያለ ቤት አስቀረ። ሌሊት መሆኑ ጉዳቱን አበዛው፤ እረኛው የሚያነባቸው ምልክቶች፣ ደመናውም ነፋሱም የእንስሳቱም ሁኔታ፣ ግንብ ውስጥ ለተኛ ሰው አይታዩምና። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ የማስጠንቀቂያም ዝግጅት ተደረገ።

ሁሉም ግን የመከራ ወሬ ብቻ አይደለም። ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ባለው በሃውድ፣ ወንዝም ምንጭም በሌለበት፣ ሕዝቡ የሚያልፈውን ጎርፍ ማሰርን ተማረ። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እየተስፋፋ የመጣው በርካ የሚባለው ግንብ ጉድጓድ ምድር ተቆፍሮ፣ ጎንና ጎኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ተለብጦ የሚሠራ ሲሆን፣ በመግቢያው ፊት ለፊት ትንንሽ እርከን ተደርጎ፣ በሜዳው ላይ የሚንሸራተተው የዝናብ ውሃ አፈሩን ጥሎ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ባለ በርካው ሰው በጂላል ውሃውን ለባለ ከብት ይሸጣል፤ ስለዚህ ነገር ግጦሽ እስከ ማጥፋትና የባለሀብትን ክንድ እስከ ማበርታት የደረሰ ጉዳት አልጠፋም፤ ነገር ግን በሃውድ ዓመቱን ሙሉ ለመቀመጥ ያስቻለው እርሱ ነው። በ1980 ዓ.ም. የሐርጌሳ ከተማ በቦምብ በተደበደበች ጊዜ የሸሹት ስደተኞች በዚሁ ሜዳ ባለው በሐርትሼክ በሰፈሩ ጊዜም፣ ሰፈሩ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ እስኪሆን ድረስ ሰው በዛ፤ ውሃም ከጅግጅጋ በኩል በቦቴ መኪና ይመላለስላቸው ነበር። በዚያ ሜዳ የሰው ቁጥር የሚወሰነው በውሃው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ጅግጅጋ ራሷም በነዚህ ዓመታት ከምሽግነት ወደ ክልል ርእሰ ከተማነት አድጋ፣ በሜዳዋ ላይ ሰፋች። በ2008 ዓ.ም. የበልግ ወራት፣ አገሪቱን ካስጨነቀው ድርቅ ማግሥት፣ በከተማይቱ የወረደው ጎርፍ ከ20 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ቤቶችንም አፈረሰ። ሰሚው ሁሉ ድርቅና ጎርፍ በአንድ ዓመት እንዴት ይገናኛሉ ብሎ ቢገረምም፣ ነገሩ ለሽማግሌዎቹ እንግዳ አልነበረም፤ ሁለቱ ከአንድ መሬት፣ ከአንድ ተራራ የሚወጡ ናቸውና። ለከተማው ተወላጅ ልጅ ግን የደረቀው መውረጃ ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያቋርጠው መንገድ ነበር፤ ውሃ ሲያልፍበት ካላየ፣ የውሃ መሆኑን ማን ይነግረዋል?

እንግዲህ ታሪኩን በጠቅላላው ስንመለከተው፣ አደጋው የበዛው ዝናቡ ከፊተኛው ዘመን ይልቅ ስለ ከፋ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚቀመጥበት ስፍራና ሰማይን የሚመለከትበት ልማድ ስለ ተለያዩ ነው። አርብቶ አደሩ ቤቱን ከውሃው መንገድ ያርቃል፤ ዐይኑን ግን ከተራራው አያነሣም። ከተሜው ቤቱን ወደ ውሃው መንገድ አቀረበ፤ ዐይኑን ደግሞ ከተራራው አነሣ። ይህን ክፍተት የሚሞላው ግንብ ብቻ አይሆንም፤ ጋልቱር እንዳስተማረው ከአደጋ ውጭ ነው የተባለውም ስፍራ ሊመታ ይችላልና፣ ከግንቡ ጋር ወሬ ያስፈልጋል። ወሬውም ከውሃው መፍጠን አለበት።

በዚህ ነገር ላይ የዘመናችን አስተዳደር ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ዶፉ የሚወርድበት የጉርሱምና የደንገጎ ደጋ የኦሮሚያ ክልል ነው፤ ውሃው የሚደርስበት የፋፈንና የሺኒሌ ሜዳ የሶማሌ ክልል ነው፤ በመካከል ያለችው ድሬዳዋም የራሷ አስተዳደር አላት። ውሃ በሦስቱ መካከል ያለውን ወሰን አያውቅም፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሻገረዋል። በቀድሞ ጊዜ ይህን ወሰን የሚሻገረው ወሬ በነጋዴና በእረኛ አፍ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ስልክ በየእረኛው እጅ ሲገኝ፣ ከላይ ያለው ወረዳ ለታችኛው ወረዳ ሳይናገር አንድ ሌሊት ቢያድር፣ ጥፋቱን በተራራው ላይ ማላከክ አይቻልም። በየከተማው ያለው ማዘጋጃ ቤት በየዓመቱ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በድልድዩ ምሰሶ ላይ ምልክት ቢያደርግ፣ ቶጉ የወረደበትን ቀንም በመዝገብ ቢጽፍ፣ የሽማግሌዎቹም ትዝታ ሳይሞት ቢሰበሰብ፣ ካራማራ በጦርነት ታሪክ ካገኘው ስም ጋር የሚስተካከል ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ያም መጽሐፍ ቤት ለሚሠራ ሁሉ ከማንኛውም ካርታ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው ይሆናል።